ስልኬ ይደውላል፣ ዳታው ግን እምቢ አለ (ከቢቸና)

የኔታ ዘቢቸና
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

እንዴት ሰነበታችሁ። ለዚህ ቤት እንግዳ ነኝና ብስት አርሙኝ። ይኸን የምጽፈው በአንድ ተማሪየ ስልክ ነው፤ የኔው መጻፍ ቢችልማ እዚህ ምን አመጣኝ።

ቢቸና ተቀምጨ ቅኔ የማስተምር ሰው ነኝ። ቤይሩት ያለችው ልጀ ስልክ ላከችልኝ፤ በመስቀል ማግሥት ደረሰኝ። ያገለገለ ነው፤ ጭረት ግን የለበትም። እስካሁን የያዝኋት ባለ ቁልፏን ቀፎ ነበር። አንዴ ቻርጅ ከሆነች ሳምንት ትከርማለች፤ ከሷ ጋራ ጠብ አልነበረኝም። ልጅቱ ግን "አባባ፣ ድምፅህ አልበቃኝም፣ ፊትህን ልየው" አለች። ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ለሷ ስል ነው የገባሁበት።

የድሮው ሲሜ ትልቁ ዓይነት ስለሆነ ለአዲሱ ስልክ አልገባ አለ፤ አስቆረጥሁት። ከዚያ ወዲያ መደወሉም መልእክት መቀበሉም እንከን የለበትም። የወር ፓኬጅ ገዝቻለሁ፤ ኮከብ 804 መሰላል ብየ ሳየው ሜጋባይቱ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ዳታውን ከላይ ጎትቸ አበራዋለሁ፤ ቁልፉ ሰማያዊ ይሆናል። ሰው ስልክ ላይ ከአንቴናው ጎን የማያት ምልክት ግን ብቅ አትልም። ሰሙ አለ፣ ወርቁ የለም።

አንድ ሱቅ ወስጀው ነበር። ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "የውጭ ስልክ ነው፣ ተቆልፏል፣ ማስከፈቻው 1500 ብር" አለኝ። ከተቆለፈ እንዴት ይደወልበታል ብየ ብጠይቀው ዝም። ይዠው ተመለስሁ።

ደግሞ ሌላ ጠባይ አለበት። ሲመጣ የፈረንጁን ዘመን ይዞ ስለነበር ቀኑን ራሴ ነኝ ያስተካከልሁት። አሁንም ግን አልገራ አለ። መስከረም አልቆ ጥቅምት በባተ ዕለት "31" ብሎኝ ቁጭ! ሠላሳ አንደኛ ቀን ያለው ወር ከየት አባቱ አመጣው? በእጀ ወደ 1 መለስሁት። ዛሬ ደግሞ ሚካኤል ነው፣ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፤ እሱ "ሰኞ" ይለኛል። ይኸኛው ከዳታው ጋራ ላይገናኝ ይችላል፤ ስለከነከነኝ ነው የጻፍሁት።

ምን ላድርግ?


ጠጋኙ ማርቆስ

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ። ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ያን 1500 ብር አለመስጠትዎ ደግ አደረጉ። የተቆለፈ ስልክ የሌላ አገር ሲም ሲገባበት ኮድ አምጣ ይላል እንጂ አያስደውልም። የርስዎ ከደወለ ክፍት ነው።

የጎደለዎት ኤ.ፒ.ኤን. ነው። ዳታው በየትኛው በር እንደሚገባ ለስልኩ የሚነግረው እሱ ነው። እዚህ የተሸጠ ስልክ ሲሙን እንዳየ ራሱ ይሞላዋል። ከአረብ አገር የሚመጣው ግን እኔ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ገጹ ባዶ ነው።

ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ ቅንብሮች ይበሉ። ግንኙነቶች የሚል ወይም አውታረ መረብ የሚል ያገኛሉ፣ እንደ ስልኩ ነው። እዚያ ውስጥ የሞባይል አውታረ መረብ፣ ከሱ ቀጥሎ የመዳረሻ ነጥብ ስሞች። የተርጓሚው አማርኛ ከኔ ጋርም አይግባባም፤ ግን እሱ ነው። የመደመር ምልክቷን ይንኩ። ስም የሚለው ላይ ደስ ያለዎትን ይጻፉ፣ ቢቸናም ይበሉት። ኤ.ፒ.ኤን. የሚለው ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፦ ኢ፣ ቲ፣ ሲ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤም። በመካከሉ አንድም ክፍተት አይግባ። ከታች ኤም.ሲ.ሲ. 636፣ ኤም.ኤን.ሲ. 01 መሆኑን ይዩ፤ ሲሙ ራሱ ስለሚሞላው አይንኩት። የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ሌላውም ሁሉ ባዶ ይቅር።

ይኸ በ09 ለሚጀምር ሲም ነው። በ07 የሚጀምረው የራሱ ሌላ ስም አለው፤ አያደባልቁት።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ በመመለሻ ቀስቷ እንዳይወጡ። ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ነክተው አስቀምጥ ይበሉ። ሳያስቀምጡ ከወጡ ብዙው ስልክ የጻፉትን ሁሉ ይረሳዋል። ተመልሰው ሲያዩት ከስሙ ጎን ትንሽ ክብ አለች፤ እሷ ነጥብ እስክትይዝ ይንኳት። ከዚያ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።


ቡሬ 2

ፎርማት ያርጉት ዝም ብለው። የኔ በሱ ነው የለቀቀ


ጠጋኙ ማርቆስ

ቡሬ፣ ተው እባክህ። ፎርማት ካደረጉት ልጅቱ የጫነችላቸው ሁሉ ይጠፋል፣ ኤ.ፒ.ኤኑ ደግሞ ያው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ያንተ የለቀቀው ስልክህ እዚሁ የተሸጠ ስለሆነ ነው።


ሹፌሩ ደጀን

እኔ መጀመሪያ የምጠይቅ ሌላ ነው። እዚያ በኩል ዳታ አለ ወይ? በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስንት ወር ከርመናል፤ ያን ጊዜ ስንቱ ሰው ደህና ስልኩን ሲያስፈታ እንደከረመ አይቻለሁ። እኔም አንዱ ነኝ፤ አንድ ረዳቴ ሲሙን በምላስ እያረሰ ይመልሰው ነበር። ስለዚህ ስልክ ከመውቀስ በፊት ያው ዓይነት ሲም ያለው ጎረቤት ስልክ ላይ ማየት ነው።

አሁን ልብ አልሁት፣ በተማሪያቸው ስልክ ነው የጻፉት ለካ። ይቅርታ የኔታ። ዳታ አለ ማለት ነው።


የኔታ ዘቢቸና
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጠጋኙ ልጀ፣ እድሜህን ያርዝመው። ግማሹ ሆነ፣ ግማሹ ቀረ።

መጀመሪያ የጻፍሁት በመመለሻ ቀስቷ ወጣሁና ጠፋ። አስጠንቅቀኸኝ ነበር፤ ጣቴ ቀደመ። ሁለተኛ ጻፍሁት፣ አስቀመጥሁት፣ ክቧን ሞላኋት፣ አጥፍቸ አበራሁት፤ ምንም። ተማሪየ መነጽር አያሻውም፣ አጎንብሶ አየውና "የኔታ፣ ከነጥቡ በኋላ ክፍተት አለ፤ ሲዋም ትልቅ ሆናለች" አለኝ። እኔ መች ጻፍሁት! ነጥብ ስነካ ሰሌዳው ዐረፍተ ነገር ያለቀ መስሎት ነው፣ በራሱ ክፍተት ጨምሮ ቀጣዩን ፊደል ያጎላዋል። አራሚ ሳይጠሩት ሲያርም እንዲህ ነው። ክፍተቷን አጠፋን፣ ሲዋን አሳነስናት።

ሲበራ ከአንቴናው ጎን ሁለት ቀስቶች መጡ፣ አንዷ ወደ ላይ አንዷ ወደ ታች። ደስ ብሎኝ እልል ልል ስል ከውጭ ተማሪዎች ነበሩና ተውሁት። ቴሌግራሙ ወዲያው ተከፈተ፤ የቅኔው ቡድን የወር ዘረፋ ባንዴ ተዘረገፈብኝ።

ልጀ ያለችው ግን ዋትስአፕ ላይ ነው፣ እሱ እምቢ አለ። ምን እንደሚለኝ ታውቃላችሁ? የስልክህ ቀን ትክክል አይዶለም፣ አስተካክልና ና! አጽዋማትንና በዓላትን በባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ ለደብሩ የምነግር ሰው ቀንህ ተሳስቷል ልባል? በክሮም የሆነ ገጽ ልክፈት ብልም ቀይ ምልክት አውጥቶ ሰዓትህ ወደ ኋላ ነው ይለኛል። ከደብሩ ደወል ጋራ አስተያየሁት፤ የደቂቃ ልዩነት የለውም።

ኤ.ፒ.ኤኑ ተሳስቶ ከሆነ ቴሌግራሙ እንዴት ሠራ? ትክክል ከሆነስ ሌላው ለምን እምቢ አለ? እዚህ ላይ ነው የቆምሁት።


ተማሪ ከባሕር ዳር

የኔታ፣ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ኔትዎርክ ተማሪ ነኝ። ኤ.ፒ.ኤኑ ልክ ነው። ጥፋቱን ደግሞ ገና ረቡዕ ዕለት ራስዎ ጽፈውታል፤ "ከዳታው ጋራ ላይገናኝ ይችላል" ብለው ያለፉት ላይ ነው ያለው።

ስልኩ ረቡዕን ሰኞ ያለው ለምን ይመስልዎታል? እርስዎ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ሞልተውታል፤ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ ዕለቱ 12፣ ወሩ 2፣ ዓመቱ 2018። ስልኩ ግን በውስጡ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። እሱ ያነበበው ፌብሩዋሪ 12፣ 2018 ብሎ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ እውነትም ሰኞ ነበር። ስልኩ አልዋሸም። 31 ያለዎትም በዚያው ምክንያት ነው፤ እርስዎ መስከረም ያሉትን እሱ ጃንዋሪ ብሎ ስለያዘው፣ ጃንዋሪ ደግሞ 31 ቀን አለው። በፈረንጁ ረቡዕ ዕለት ኦክቶበር 22፣ 2025 ነበር። ስለዚህ ስልክዎ ያለው ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ነው።

ዋትስአፕና ክሮም ይኸን የሚቆጡበት ምክንያት አላቸው። ስልኩ አንድ ድረ ገጽ ጋ ሲደርስ ገጹ "እኔ እገሌ ነኝ" የሚል የምስክር ወረቀት ያሳየዋል። ወረቀቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ተጽፎበታል፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት እምብዛም አያልፍም። ስልኩ ያን ቀን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። የርስዎ ስልክ በ2018 ፌብሩዋሪ ቁጭ ብሎ በ2025 የተጻፈ ወረቀት ሲያሳዩት ምን ይበል? ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ ገና ያልተመታ ማኅተም ነው የሚሆንበት። ሐሰተኛ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ቴሌግራም የሠራው የራሱ አካሄድ ስላለው ነው፤ የስልኩ ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር ካልገጠመ የሰርቨሩን ይዞ ልዩነቱን ያቻችለዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅንብሮች ውስጥ ቀን እና ሰዓት የሚለውን ይክፈቱና ራስ ሰር የሚለውን ያብሩት። ቀኑን ከኔትዎርኩ ይወስዳል። የሰዓት ሰቁ የአዲስ አበባ መሆኑንም ይዩ፤ ስልኩ ከቤይሩት የመጣ ስለሆነ የዚያው ሊሆን ይችላል።

ያዘዝንዎት ኢ፣ ቲ፣ ሲ ከየት እንደመጣ ግን ያውቃሉ? የድሮው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የእንግሊዝኛ ምሕጻር ነው። ድርጅቱ በ2003 ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ፤ በሩ ላይ ያለው ስም ግን የድሮው እንደሆነ ቀረ።


የኔታ ዘቢቸና
ሐሙስ ማታ

አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ገብተህ ቢሆን ኖሮ በፍች የሚችልህ ባልተገኘ ነበር። ሰሙን እኔ ጻፍሁት፣ ወርቁን አንተ አወጣኸው።

ግን ክርክሬን አልተውም። ስልኩ አማርኛ ይናገራል፣ ቅንብሮች ይላል፣ መዳረሻ ይላል፤ ሰኞና ማክሰኞን በአማርኛ ይጽፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት መቀነስ ለሱ ምኑ ነው? ይኸን የቆሎ ተማሪም ያሰላዋል። አማርኛውን ተምሮ ዘመኑን አልማርም ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

ይኹን። ራስ ሰር የሚለውን አበራሁት። ባንድ ጊዜ ሐሙስ አለኝ፤ እንደ ሰው። የሰዓት ሰቁም እንዳልኸው የቤይሩት ነበር፤ አስተካከልሁት። ዋትስአፑ ትንሽ አሰበና ተከፈተ።

ስደውልላት ሥራ ላይ ነበረች፤ ከአሠሪዎቿ ማድ ቤት ሆና አነሳችው። መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን አይዶለም፣ ጣሪያ ነው፤ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፋ ሳህን ታጥብ ነበር። ቀጥሎ ዞራ ጎንበስ አለች። ከስታለች። እሷ ደግሞ "አባባ፣ ግንባርህን ብቻ ነው የማየው፣ ስልኩን ዝቅ አድርገው" ትለኛለች። ዝቅ ሳደርገው ጢሜን፣ ከፍ ሳደርገው ጥምጥሜን። ተማሪየ ይዞልኝ ነው የተያየነው።

ቆየት ብየ ኮከብ 804 ብየ ባየው ከፓኬጁ ትልቅ ጉርሻ ጎድሏል። የተነጋገርነው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ይኸን ያህል ይበላል?


ጠጋኙ ማርቆስ

የኔታ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቪዲዮ ጥሪ ይበላል፤ ግን የጎደለው ሁሉ በሱ አይመስለኝም። ዋትስአፑ አንድ ወር ተዘግቶ ነበር አይደል? ሲከፈት በቤተ ዘመድ ቡድን የተላከው የወር ፎቶ ሁሉ ባንዴ ሲወርድ ነው። እዚያው ዋትስአፕ ውስጥ ማከማቻ እና ውሂብ የሚል አለ። በሞባይል ዳታ ፎቶም ቪዲዮም በራሱ እንዳይወርድ ምልክቶቹን ያንሱ። ከዚያ በኋላ ነክተው የፈቀዱት ብቻ ይወርዳል። ቴሌግራሙም እንደዚሁ የራሱ ቦታ አለው። ሲደውሉላት ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ለጥሪ ያነሰ ዳታ ተጠቀም የሚለውን ያብሩት፤ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ፊቷ ግን ይታያል።

ማታ ሲተኙ ዳታውን ያጥፉት። ተራውን የስልክ ጥሪ አይከለክልም።

ያስቆረጡትን ሲም በተመለከተም፦ ያረጀ ሲም ከሆነ ሦስት ጂ ላይ ይቆማል እንጂ ፎርጂ አይገባም። መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማእከል ሄደው በአዲስ ያስቀይሩት፤ ቁጥርዎ አይለወጥም። ቪዲዮው መቆራረጡን ሲተው ያኔ ያዩታል።


ተማሪ ከባሕር ዳር

ለክርክርዎ መልስ የለኝም የኔታ፤ ለርስዎ እፈርዳለሁ። ለጊዜው ግን የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ የሚል መተግበሪያ ያውርዱና ትንሿን ሰሌዳ የስልኩ ፊት ላይ ይለጥፏት። በዓላቱንም የሚያወጡ አሉ። ስልኩ በውስጡ የፈረንጁን ይዞ ይሥራ፤ እርስዎ ግን የኛን ነው የሚያዩት።


ሹፌሩ ደጀን

ተማሪው፣ መንገድ ላይ ስታጋጥመኝ አንድ ቡና አለህ። ይኸን የሰኞውን ነገር ሳነብ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። የአባቴ ስልክ ከፋሲካ ጀምሮ ባንክ አልከፍትም ይል ነበር፤ አሁን ደውዬ ዛሬ ምን ቀን ይላል አልኩት። ቅዳሜ አለኝ።


የኔታ ዘቢቸና
እሑድ፣ ጥቅምት 16

የነገራችሁኝን ሁሉ አደረግሁ። ሰሌዳዋን ለጠፍኋት፤ ኪዳነ ምሕረት መሆኑን ነገረችኝ፣ እኔም አላፈርሁባት። ሲሙን ለማስቀየር ሰኞ እሄዳለሁ፤ የኛውን ሰኞ።

ወሬው ሳይሰማ አልቀረም። ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ደጀ ላይ ቆመዋል፤ ሦስቱም ልጆቻቸው ከአረብ አገር የላኩላቸው። ሁለቱ የኤ.ፒ.ኤኑ ነገር ነበር። ባንደኛዋ ስልክ ላይ ገጹ በዐረብኛ ነበርና ዓረፍተ ነገሩን ከቀኝ ወደ ግራ እያየን ሦስቱን ነጥቦች በግራ በኩል አገኘናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ "የኔ እንኳ ቀስቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ዋትስአፑ ብቻ ነው" አሉኝ። ስልካቸውን ሳልቀበል፣ ቆመው እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

"ለመሆኑ ስልክዎ ዛሬን ምን ይለዋል?"

አንጋጠው አሰቡና "ዓርብ" አሉ። "እኔም በዓርብ ምን ቅዳሴ ነው ብየ ነበር።"